ግቢያችንን ጠጠር ላለብስ ነው፤ ስንት ሜትር ኩብ ልዘዝ?

ግንፍሌ_ሰፈር | ቅዳሜ ግንቦት 9፣ ከጠዋቱ 4:10

ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱ ሳይገባ የእናቴን ግቢ ጠጠር ላለብስ ተነስቻለሁ። ቤቱ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከበሩ እስከ በረንዳ ያለው መሬት ይላቁጣል። እናቴ በከዘራ ነው የምትሄደው፤ ባለፈው ክረምት ለቤተክርስቲያን እንኳን መውጣት ፈርታ ነበር።

ጠጠር ሻጭ ጋ ደወልኩ። የግቢውን ስፋት ሳይጠይቀኝ «አንድ ሲኖ ይበቃሻል» አለ። የሰፈራችን ግንበኛ መጥቶ አየና «ሁለት ኢሱዙ» አለኝ። ጎረቤታችን ደግሞ «ከአራት ቢያጆ (የመኪና ምልልስ) በታች አይሆንም» አሉ። ሁሉም የሚነግረኝ በመኪና ነው። በሜትር ኩብ የሚነግረኝ አጣሁ።

ልኬቱ ይኸው፦

ከበር እስከ በረንዳ 11 ሜትር በ3.20። አልፎ አልፎ የወንድሜ መኪና ይቆምበታል።
በቤቱ ጎን ወደ ጓሮ የሚያሳልፈው መተላለፊያ 8.50 በ1.10።
አጥሩ ጥግ ያለው ቦታ ሶስት ማዕዘን ነው። በሁለቱ አጥሮች በኩል 6 ሜትርና 3.50 ነው፤ አጥሮቹ የሚገናኙት በዘጠና ዲግሪ ነው። መሀሉ ላይ አባቴ የተከለው የኮክ ዛፍ አለ። በዙሪያው 1.60 ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ አፈር እንዲተው እፈልጋለሁ።

ውፍረቱ ስንት ይሁን? ምን ዓይነት ጠጠር? ስንት ሜትር ኩብ? አሳባችሁን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

---

ደጃች_ውቤ_ልጅ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:35

እህቴ፣ ሲኖውን ተይው። ሲኖ የሚባለው 16 ኪዩብ የሚጭነው ነው። አንቺ ጋ ገብቶ ቢገለበጥ እናትሽ በሩን ማለፍ አይችሉም። እኔ ብሆን ቀይ አሽ፣ ያንን ቀላሉን ቀይ ጠጠር ነበር የማደርገው። ዋጋው ይሻላል፣ ቀለሙም ለግቢ ያምራል።

---

ሲቪል_ከአራዳ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6:20

ልኬቱን በደንብ ነው ያቀረብሽው። አብረን እናስላው፤ ሌላም ሰው ለራሱ ግቢ ይጠቀምበታል።

መጀመሪያ ስፋት።
የበሩ መንገድ፦ 11 × 3.20 = 35.20 ካሬ ሜትር።
መተላለፊያው፦ 8.50 × 1.10 = 9.35።
ሶስት ማዕዘኑ፦ 6 × 3.50 ሲካፈል ለ2 = 10.50። ከዚህ ላይ የኮኩ ክብ ይቀነሳል። የዲያሜትሩ ግማሽ 0.80 ነው። 0.80 × 0.80 × 3.14 = 2.01። የሚቀረው 8.49።
ድምሩ 53.04 ካሬ ሜትር።

ከዚህ በኋላ ስፋቱን በውፍረቱ ማባዛት ነው። ውፍረቱን ከሳንቲም ወደ ሜትር መቀየር እንዳትረሺ፤ 5 ሳንቲም ማለት 0.05 ነው። በአእምሮ ለመያዝ እንዲቀልሽ፦ 1 ሜትር ኩብ ጠጠር በ5 ሳንቲም ውፍረት 20 ካሬ፣ በ10 ሳንቲም ደግሞ 10 ካሬ ይሸፍናል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ብዙ ሰው ስፋቱን ሲለካ ይጨነቃል፤ ውፍረቱን ግን በግምት ያልፈዋል። የበሩን መንገድ ወርድ 10 ሳንቲም አሳስተሽ ብትለኪ ልዩነቱ 11 × 0.10 × 0.05 ነው። የአንድ ሜትር ኩብ ሃያኛ ገደማ ብቻ ነው፣ 0.055። ሰራተኞቹ ግን በሙሉ ግቢው ላይ አንድ ሳንቲም ብቻ አወፍረው ቢዘረጉት 53 × 0.01 = 0.53 ሜትር ኩብ ሄደ ማለት ነው። አስር እጥፍ ገደማ። ስለዚህ ስትዘረጊ ጊዜሽን ውፍረቱ ላይ አጥፊ። በየሁለት ሜትሩ ችካል ትከዪ፣ 5 ሳንቲሙን በቀለም አስምሪበት፣ ሲባጎ ወጥሪ።

ውፍረቱ በየቦታው ይለያያል። ሰው ብቻ የሚሄድበት መተላለፊያና የኮኩ ጥግ 5 ሳንቲም ይበቃቸዋል። መኪና የሚቆምበት ግን 5 ሳንቲም ጠጠር አፈር ላይ ቢደፋ በአንድ ክረምት ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። እዚያ ከስር 10 ሳንቲም የተጠቀጠቀ መደላድል፣ ከላይ 5 ሳንቲም ንጹህ ጠጠር ያስፈልጋል።

የላይኛው፦ 53.04 × 0.05 = 2.65። 10 በመቶ መጠባበቂያ ስትጨምሪ 2.92። 3 ሜትር ኩብ በዪው።
መደላድሉ፦ 35.20 × 0.10 = 3.52። ይሄ ግን ከተጠቀጠቀ በኋላ ያለው ነው። መኪና ላይ ልቅ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ሲጠቀጠቅ ይቀንሳል። ከ20 እስከ 25 በመቶ ጨምሪ። በ25 ስናሰላው 4.40 ይሆናል።

በጠቅላላው 7.40 ሜትር ኩብ ገደማ። ሁለቱ የተለያየ ዕቃ ስለሆኑ ለየብቻ ነው የሚታዘዙት።

---

ግንፍሌ_ሰፈር | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7:05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሄን ነበር የፈለግሁት። ለመደላድሉ ምን ብዬ ነው የማዘው? ሻጩ «ዜሮ ዜሮ፣ ዜሮ አንድ፣ ዜሮ ሁለት» ሲለኝ ግራ ገብቶኝ ነው ስልኩን የዘጋሁት።

---

ፎርማን_ነኝ | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 8:15

እኔ ልመልስልሽ። ቁጥሩ የጠጠሩ መጠን ነው። ዜሮ ዜሮ ደቃቁ ነው። ዜሮ ሁለት ለኮንክሪት የምንጠቀምበት፣ በተለምዶ ሁለት ሳንቲም አካባቢ የሚሆነው ነው። ዜሮ አንድ መሀል ላይ ነው። ከክሬሸር ክሬሸር (ከድንጋይ መፍጫ መፍጫ) ትንሽ ይለያያል። ስለዚህ ቁጥሩን ሰምተሽ ብቻ አትዘዢ፤ እፍኝ አስመጪና እጅሽ ላይ አድርገሽ እዪው።

ለመደላድል ዱቄቱ ያልተነፋ፣ ትልቁም ትንሹም የተቀላቀለበት ነው የሚፈለገው። ዱቄቱ በጠጠሮቹ መሀል ይገባና ሲጠቀጠቅ ይጠብቃል። ጥሩ ሰሌክትም (ለሙሌት የተመረጠ አፈርና ጠጠር) ይሆናል። ለላይኛው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዱቄት ያለበት ከሆነ መጀመሪያ ዝናብ ሲመታው ግራጫ ጭቃ ያወጣል፤ ምንጣፍ ላይ ሁሉ ይታያል። ንጹህ ዜሮ አንድ ዘርጊ። ዜሮ ሁለት ለከዘራና ለነጠላ ጫማ ይከብዳል።

እና አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። አፈሩስ? 15 ሳንቲም ውፍረት ያለው ነገር ከበረንዳው ደረጃ በላይ ልትቆልዪ አትችይም። መቆፈር አለበት። 35.20 × 0.15 = 5.28፣ ቀሪው 17.84 × 0.05 = 0.89። ድምሩ 6.17 ሜትር ኩብ። አፈር ደግሞ ሲቆፈር ያብጣል። ወደ 30 በመቶ ጨምሪበትና 8 ሜትር ኩብ ልቅ አፈር ይወጣልሻል። ከሚገባው ጠጠር የሚወጣው አፈር ይበልጣል ማለት ነው። ሰው ሁሉ የጠጠሩን ዋጋ ይደራደራል፣ አፈሩ አጥር ስር ሲከመር ነው የሚያስታውሰው። ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ አስገቢው።

---

የጓሮ_እናት | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9:40

ልጄ፣ ስለ ዛፉ ልንገርሽ። ክብ አፈር መተውሽ ጥሩ ነው። ጠጠሩ ግንዱን እንዳይነካ አደራ። እርጥበት ይይዝና ልጡን ያበሰብሰዋል። ሲቆፍሩም ከክቡ ወጣ ብሎ ሥር ይኖራል። በዶማ አያስመቱት፤ እዚያ አካባቢ አፈሩን በእጅ ጠረግ አድርገው 3 ሳንቲም ቢያወርዱት ይበቃል።

እናትሽ በከዘራ የሚሄዱ ከሆነ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጠጠር ላይ ከዘራ ይሰምጣል። የወንዝ ድቡልቡሉ ከሆነማ እግርም ይንሸራተታል፤ ለዓይን ያምራል እንጂ ለአዛውንት አይሆንም። የተፈጨው ጠጠር ጠርዝ ስላለው እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይሻላል። እሱም ቢሆን ከዘራ አይችልም። ከበር እስከ በረንዳ መሀሉን በጠፍጣፋ ድንጋይ አስነጥፊላቸው። ወርዱ 90 ሳንቲም ቢሆን እርሳቸውና ደግፎ የሚይዛቸው ሰው ይሄዱበታል። ጠጠሩ ግራና ቀኙን ይሁን።

እኔ ለእህቴ እንዲህ ነው ያሰራሁላት። ድንጋዮቹ መሀል ያለው ክፍተት ከጣት እንዳይሰፋ ራሴ ቆሜ አየሁ። የከዘራው ጫፍ እዚያ ነው የሚገባው። ከዘራው ስር ያለው ጎማም ካለቀ ቀይሩላቸው።

---

ግንፍሌ_ሰፈር | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10:30

እትዬ፣ ይሄን ያሉኝን ለእናቴ አነበብኩላት። «እኚህ ሰው ይባረኩ» ብላለች። የድንጋይ ንጣፉን እናደርገዋለን። ሲቪል፣ ሒሳቡ ይቀየራል አይደል?

---

ሲቪል_ከአራዳ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:15

ይቀየራል፤ እትዬ ያሉት ከኔ ሒሳብ ይቀድማል። ንጣፉ 11 × 0.90 = 9.90 ካሬ ይወስዳል። 5 ሳንቲም ገደማ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ካገኘሽ ከጠጠሩ ጋር እኩል ይወጣል። የላይኛው ጠጠር ስፋት 43.14 ካሬ ይሆናል። በ0.05 ስታባዢው 2.16፣ ከመጠባበቂያው ጋር 2.37። 2.5 ሜትር ኩብ ዘዢ። መደላድሉ አይነካም፤ ድንጋዩም እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። 4.40 ሆኖ ይቀጥላል።

ተዳፋቱ ላይ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ውሃው ከቤቱ ወደ በሩ እንዲሄድ በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሳንቲም መውረድ አለበት። በ11 ሜትር 11 ሳንቲም ማለት ነው። ይሄን ቁልቁለት አፈሩ ላይ ቆፍራችሁ አውጡት። አፈሩን ሜዳ ትታችሁ በጠጠር እናዘቅዝቀው ካላችሁ አንዱ ጫፍ ላይ ዜሮ፣ ሌላው ላይ 11 ሳንቲም ተጨማሪ ይሆናል። በአማካይ 5.5 ሳንቲም ነው። 35.20 × 0.055 ወደ 2 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ዕቃ በከንቱ ይበላል። ጥንቃቄው በውሃ ልክና በሲባጎ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መሬቱ ምን ዓይነት ነው? ጥቁር ነው ቀይ?

---

ግንፍሌ_ሰፈር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:40

በሩ ጋ ቀላ ያለ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ጥቁር፣ የሚጣበቅ። በጋ ላይ ይሰነጠቃል።

---

ሲቪል_ከአራዳ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:05

የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። በዚያ መሀል ጠጠሩን እየዋጠ ይሄዳል። ከስሩ ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ጨርቅ አንጥፊ። ውሃ ያሳልፋል፣ ጭቃውን ግን ወደ ላይ አያሳልፍም። ተራ ፕላስቲክ አይተካውም፤ ፕላስቲክ ውሃውን ይይዝና ጠጠሩ ኩሬ ውስጥ ይቀራል። ስፋቱ ለ53 ካሬ ልክ 53 አይበቃሽም። አንዱ በሌላው ላይ 30 ሳንቲም መደራረብ አለበት፣ ጠርዙም ይታጠፋል። 15 በመቶ ጨምረሽ 61 ካሬ አካባቢ ያዢ። ኮኩ ሥር ዙሪያ አታንጥፊው።

---

ደጃች_ውቤ_ልጅ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 3:20

ቀይ አሽን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ለምን? ሰፈራችን ውስጥ ስንት ግቢ ነው በሱ የተዋበው።

---

ፎርማን_ነኝ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 5:00

ወንድሜ፣ ቀይ አሽ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ውስጡ ቀዳዳ የሞላው ድንጋይ ነው። ለዚህ ነው የሚቀለው። ለብሎኬትም ለሙሌትም የምንጠቀምበት ለዚሁ ነው። ነገር ግን ጎማ ሲሄድበት ይደቃል። ዛሬ ጠጠር የነበረው ከጊዜ በኋላ ቀይ ዱቄት ይሆናል፤ በነጭ ነጠላ ላይ ደግሞ አይለቅም። መኪና የማይረግጠው የኮኩ ጥግ ላይ ከሆነ አልቃወምም። እዚያ 8.49 ካሬ ነው፣ በ5 ሳንቲም ግማሽ ሜትር ኩብ አይሞላም። የእህታችን ምርጫ ነው።

---

ደጃች_ውቤ_ልጅ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 5:25

የነጠላው ነገር አሳመነኝ። ጥጉ ላይ ግን ቀይ ብታደርጊው ከኮኩ ቅጠል ጋር ያምራል። ይሄን አልተውም።

---

ገልባጭ_ሹፌር | እሁድ፣ ከሰዓት 8:50

ሰላም ቤተሰብ። አሸዋና ጠጠር ስጭን ነው የኖርኩት። ሒሳቡን ሰርታችሁ ጨርሳችኋል፤ የቀረው መኪናው ላይ ያለው ነው። ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ነው።

ቢያጆ መለኪያ አይደለም። ሁለት ኢሱዙ ጎን ለጎን ቆመው ሳጥናቸው ሊለያይ ይችላል። አንዱ ጎኑን በጣውላ አስረዝሞታል፣ ሌላው አላስረዘመም። መኪናው ከመገልበጡ በፊት ሜትር ይዘሽ ውጪ። የሳጥኑን ውስጥ ርዝመት፣ ወርድና የጠጠሩን ከፍታ ለኪ። ደህና ሹፌር አይከፋውም፤ ልኪ ሲባል ራሱ ሜትሩን ይይዝልሻል።

ምሳሌ ልስጥሽ። የእኔ ሳጥን ውስጡ 4.20 በ2.00፣ ቁመቱ 50 ሳንቲም ነው። ጢም ብሎ ቢሞላ 4.20 ኪዩብ ነው። ግን ጢም አድርጌ ጠጠር አልጭንም። አንድ ኪዩብ የተፈጨ ጠጠር 15 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። መኪናዬ የተፈቀደለት 50 ኩንታል ነው። ስለዚህ ከጠርዙ 10 ሳንቲም ዝቅ ብሎ፣ 40 ሳንቲም ላይ ስደርስ አቆማለሁ። 4.20 × 2.00 × 0.40 = 3.36 ኪዩብ። ይሄ ነው እውነተኛው ጭነት። ዱቄት ያለው መደላድል ከዚያም ይከብዳል፣ 3 ኪዩብ ላይ ብታቆሚው ጥሩ ነው። ስለዚህ 4.40 መደላድል በአንድ ጉዞ አይመጣም። በሁለት አስመጪው፤ የላይኛው 2.5 በአንድ ይገባል። «አንዴ አመጣልሻለሁ» የሚልሽ ካለ ወይ አጉድሏል ወይ ፍሬኑ ላይ ቁማር እየተጫወተ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ያለውን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ፤ ከመጠን በላይ የጫነ መኪና እዚያ ላይ እንዲወርድ አትፍቀጂ።

መሀሉን አምነሽ እንዳትለኪ። አንዳንዴ ዳር ዳሩ ከፍ ብሎ መሀሉ ጎድጉዶ ይመጣል፣ አንዳንዴ ተቃራኒው። አራቱም ጥግና መሀሉ ላይ ለክተሽ አማካዩን ያዢ። መንገድ ላይ ሲንገጫገጭም ጠጠሩ ትንሽ ይረጋል። ክሬሸሩ ጋ የነበረው ከፍታ በርሽ ላይ ዝቅ ብሎ ብታገኚው ሁሌ ሌብነት አይደለም። ግን የምትከፍዪው በርሽ ላይ ለደረሰው እንዲሆን ቀድመሽ ተስማሚ።

---

ግንፍሌ_ሰፈር | እሁድ፣ ከሰዓት 9:30

ወንድሜ፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። አንድ ጥያቄ። የኛ መንገድ ኮብልስቶን ነው፣ ጠባብ ነው። ኢሱዙ እስከ በራችን አይደርስም። 60 ሜትር ያህል ላይ መቆም አለበት።

---

ገልባጭ_ሹፌር | እሁድ፣ ከሰዓት 10:05

እንግዲያው ከመኪና እስከ ግቢ ያለውን ሰው ከጠጠሩ እኩል አስቢበት። አንድ የእጅ ጋሪ 60 ሊትር ያህል ይይዛል። 6.90 ኪዩብ ማለት 115 ጋሪ ነው። በባሬላ ከሆነ ከዚያ ይበዛል። ሶስት ጉዞውን በአንድ ቀን አታስመጪ። መደላድሉ ገብቶ ሳይጠቀጠቅ የላይኛው ከመጣ መንገድ ላይ ነው የሚያድረው።

መንገድ ላይ ሲያድር ደግሞ ደንብ አስከባሪዎች ይመጣሉ፣ ትክክልም ናቸው። ጎረቤት መኪና አያሳልፍም፣ ዝናብ ከጣለ ጠጠሩ ወርዶ የውሃ ቦዩን ይደፍናል። ቀድመሽ ወረዳ ሄደሽ ጠይቂ። ለጎረቤቶችሽም ንገሪ። ትላልቅ መኪኖች ቀን ላይ መሀል ከተማ እንዳይገቡ የሰዓት ገደብ አለ፤ ሹፌሩ የትኛው ሰዓት ላይ መግባት እንደሚችል ይወቅ። ኮብልስቶኑ ላይ ከመገልበጡ በፊት ሸራ ይነጠፍ። ያለበለዚያ የመጨረሻው ጠጠር ከድንጋዩ መሀል በመጥረጊያ አይወጣም።

---

ኮንዶ_ምድር_ቤት | እሁድ፣ ከምሽቱ 2:20

ጨዋታችሁ ውስጥ ልግባ፣ ይቅርታ። እኔ ምድር ቤት ኮንዶሚኒየም ነኝ፣ ልደታ። መስኮቴ ስር 2.50 በ1.20 የሆነች ቦታ አለች፣ የአበባ ማሰሮ የማስቀምጥባት። ለሷም መኪና ልዘዝ?

---

የጓሮ_እናት | እሁድ፣ ከምሽቱ 2:45

አያስፈልግም ልጄ። በ4 ሳንቲም ውፍረት 2.50 × 1.20 × 0.04 = 0.12 ሜትር ኩብ። 120 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ስድስት ማለት ነው፤ ሰባተኛውን ለመጠባበቂያ። ክብደቱ 180 ኪሎ አካባቢ ስለሚሆን የምታመጣበትን የማዳበሪያ ከረጢት እስከ አፉ አታስሞላው። 30 ሊትር ሲገባበት 45 ኪሎ ነው፣ ሰው የሚችለው ያንን ነው። ሰፈርህ ውስጥ ግንባታ ካለ ፎርማኑን ጠይቅና ግዛ።

---

ኮንዶ_ምድር_ቤት | እሁድ፣ ከምሽቱ 2:50

ባልዲዋን አገኘሁ። አመሰግናለሁ እትዬ።

---

አዲስ_ገቢ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:00

ጠጠር ካለ የውሃ ቱቦ አያስፈልግም የሚል ሰምቻለሁ። ውሃውን ይጠጣዋል ይላሉ። እውነት ነው?

---

ሲቪል_ከአራዳ | ሰኞ፣ ከቀኑ 6:40

በከፊል። ዱቄት የሌለው ጠጠር ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ባዶ ቦታ ነው። 2.16 ሜትር ኩብ ጠጠር ውስጥ ወደ 860 ሊትር ውሃ ይገባል። አሁን ዝናቡን እይ። በነሐሴ በአንድ ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ 53 ካሬ ላይ ብቻ 2,120 ሊትር ይወርዳል። የጣሪያው ውሃም እዚያው ከወረደ ከዚያ በላይ ነው። ከስር ያለው ጥቁር አፈር ደግሞ ቶሎ አያሰርገውም። ጠጠር ውሃውን ያዘገየዋል፤ መውጫ ግን ሊኖረው ይገባል። ግንፍሌ፣ የጣሪያው አሸንዳ የት ነው የሚፈሰው?

---

ግንፍሌ_ሰፈር | ሰኞ፣ ከሰዓት 8:10

መተላለፊያው ላይ። ልክ መሀሉ ላይ።

---

ሲቪል_ከአራዳ | ሰኞ፣ ከሰዓት 8:30

ጭቃው የሚነሳው ከዚያ ሊሆን ይችላል። መቆፈሪያው እጃችሁ ላይ እያለ ከአሸንዳው ስር ቱቦ ቅበሪና እስከ በሩ ቦይ አድርሺው። አሁን ቀላል ነው፤ ጠጠሩ ከተዘረጋ በኋላ ግን ሁሉንም መልሶ ማንሳት ይመጣል። ጠጠሩም ወደ በረንዳው እየተንሸራተተ እንዳይሄድ በጠርዙ በሙሉ አንድ መስመር ድንጋይ ወይም ጡብ ትከሉ። ያለ ጠርዝ 10 በመቶው መጠባበቂያ ሳር ውስጥ ያልቃል።

---

ግንፍሌ_ሰፈር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

ወንድሜና እኔ ቁጭ ብለን ጨረስነው። የምናዘው እንዲህ ነው፦ ዱቄት ያለው መደላድል 4.40፣ በሁለት ጉዞ። ንጹህ ዜሮ አንድ 2 ሜትር ኩብ። ለኮኩ ጥግ ቀይ አሽ ግማሽ ሜትር ኩብ፣ የደጃች ውቤን ልጅ ሰምቼ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ 9.90 ካሬ፣ ከሚሰበረው ጋር 11። ጂኦቴክስታይል 61 ካሬ። የሚወጣው አፈር 8 ሜትር ኩብ። አሸንዳው በቱቦ ይሄዳል።

ሻጩ ጋ መልሼ ደውዬ በሜትር ኩብ ነገርኩት። መኪናው ሲደርስ ለክተን እንደምንከፍልም ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሺ» አለ። አንድ የቀረኝ ነገር፦ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ጠጠሩ ቢገለበጥና መኪናው ቢሄድ፣ ክምሩን አይቼ ማወቅ እችላለሁ?

---

ፎርማን_ነኝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

ትችያለሽ፣ ግምት ቢሆንም። የተገለበጠ ጠጠር እንደ ሾጣጣ ነው የሚቀመጠው። ዙሪያውን በሲባጎ ለኪ፣ ሲባጎውን በሜትር ዘርጊው። በ6.28 ስታካፍዪው ግማሽ ዲያሜትሩ ይወጣል። ቁመቱን ጫፉ ላይ አግዳሚ እንጨት አድርገሽ ለኪ። ከዚያ ግማሽ ዲያሜትር በራሱ አባዢ፣ በ3.14 አባዢ፣ በቁመቱ አባዢ፣ ለ3 አካፍዪ።

ለምሳሌ ዙሪያው 9.40 ሜትር፣ ቁመቱ 85 ሳንቲም ቢሆን፦ 9.40 ለ6.28 ሲካፈል 1.50። 1.50 × 1.50 × 3.14 × 0.85 ለ3 ሲካፈል 2.00። ሁለት ኪዩብሽ ደርሷል። አጥር ላይ ተደግፎ ከተገለበጠ ግን ይሄ አይሰራም። ስለዚህ ከአጥር ርቆ እንዲገለብጠው ንገሪው። ከተቻለም ወንድምሽ መኪናው የሚቆምበት ቦታ ላይ ሆኖ ሳጥኑን ቢለካ ነው የሚመረጠው።

---

ገልባጭ_ሹፌር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:25

የፎርማኑ ልክ ነው። ቀይ አሹን ግማሽ ኪዩብ ብቻውን የሚያመጣልሽ መኪና አታገኚም። ቀላል ስለሆነ ከሁለቱ ኪዩብ ጠጠር ጋር በአንድ መኪና ይጫናል፤ መሀሉን በጣውላ እንዲከፍሉት ጠይቂ። ጠጠሩ ከፊት፣ ቀይ አሹ ከኋላ በር በኩል ይሁን። ቀይ አሹን መጀመሪያ በአካፋ አውርዱት፤ ጠጠሩ ከዚያ በኋላ ይገለበጣል።